የጋሽ ደምሴ ዱላዎች

ዱላ የሚሰበስብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ፈጣሪ ጎረቤቱ አድርጎኛል። መምህሩ ጋሽ ደምሴ ጋምቤላ ከመጡ ወዲህ የሳሎናቸው ግድግዳ በዱላና በቆመጥ ተሸፍኗል። መያዣውን ዳብሰው፣ እንጨቱን አሽትተው፣ "ይሄ የኑዌር ነው፣ ያኛው የአኙዋ። ስንት ፍልሚያ አይቷል መሰለህ" ይላሉ። ማን ይከራከራቸዋል? ዱላው እንደሆነ አይናገር።

ባለፈው ክረምት እዚያው ሳሎን ተቀምጠን ስናወራ ከባሮ በኩል የመጣ እባብ በበሩ ገባ። እኔ ዘልዬ ወንበር ላይ ወጣሁና አንዱን ቆመጥ ላወርድ እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ ደምሴ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው፣ "ተው ልጄ፣ ቅርስ ነው፤ ይሰነጠቅብኛል" አሉኝ። እባብ ስለ ቅርስ ምን ያውቃል? ወደ እግራቸው እየተሳበ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች የወለል መወልወያቸውን ይዘው ከጓዳ ወጡና በእንጨቱ ቀጥቅጠው ገደሉት።

በሳምንቱ ብሄድ የመወልወያው እንጨት ግድግዳው መሃል ተሰቅሏል። "ፍልሚያውን በዓይኔ ያየሁለት እሱ ብቻ ነው" አሉኝ ጋሽ ደምሴ፣ ኮራ ብለው።

እትዬ ዘነበች አጎንብሰው ወለሉን በጨርቅ ከሚወለውሉበት ቀና አሉ።

"እስቲ ጠይቅልኝ ልጄ፤ የእባቡ ጓደኛ ከመጣ በምን ልምታው?"