እትዬ ካርቶን የላኩት እንግዳ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ባዶ ካርቶን መንገድ ላይ ካየ እንደ ጠፋ ልጅ አቅፎ ይዞ የሚገባ። ለእኛ ሰፈር የደረሱት እትዬ ካርቶን ናቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አልጋ ሥር ካርቶን፣ ቁም ሣጥን ላይ ካርቶን። ቴሌቪዥናቸው ተበላሽቶ ከተጣለ ቆየ፤ የመጣበት ካርቶን ግን እስከ ዛሬ በክብር ቆሟል።

ክብርት እትዬ ካርቶን የሚያሽጉት ተክል ነው። ሩቅ አገር ላለ ዘመዱ ችግኝ መላክ ያማረው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ ያላማረውንም ያስመኙታል። ደግሞ ተክልን አንቱ ነው የሚሉት። ዕድሜ ልካቸውን በሽተኛ አንቱ ሲሉ ኖረው ምላሳቸው አልመለስ አለ።

"ውሃቸውን ትናንት ጠጥተዋል። ለመንገድ አይሰጣቸውም፤ ሥሩ ይበሰብስባቸዋል" ይላሉ። ሥሩን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው በላስቲክ ያስሩታል፤ ቅጠሉ ግን ጠብታ አይነካውም። የካርቶኑን ጎን በመቀስ እየበሱ፣ "በዚህ ሐሩር ታፍነው ይሙቱ እንዴ?" ከሰኞ በቀርም አይልኩም። "መጋዘኑ ቅዳሜና እሁድ ተዘግቶባቸው ሲቀቀሉ ማን ይደርስላቸዋል?"

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ገና ሲያያቸው ያልበዋል።

"እሳቸው ተኝተው አይሄዱም፤ ቆመው ነው" አሉት አንድ ቀን።

"ማናቸው፣ እትዬ?"

"ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ናቸዋ!"

ሰውዬው ካርቶኑን ሊለቀው ምንም አልቀረው።

እኔ እሳቸው ዘንድ የሄድኩት እማዬ ስታሳስበኝ ነው። ጉልበቷ ሲደክም፣ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች ሞቃት ከተማ የምትኖረው እህቴ ወሰደቻት። እማዬ ግን ሻንጣዋን አልፈታችም። "የልጄ ቤት ደግ ነው፤ መቼ ነው የምመለሰው?" እያለች ምግብ ቀነሰች፤ ኋላም ከአልጋ መነሣት ተወች። እህቴ ስልክ ላይ አለቀሰች። እኔም ከእማዬ ግቢ አንዲት የጽጌረዳ ችግኝ አመጣሁ። ግን በዚያ ሙቀት ደርቃ ብትደርስስ? "የእኔም ነገር እንዲሁ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንደምታዞር አውቃለሁ።

"ወዲህ በል" አሉ እትዬ ካርቶን። "ተቀባዮቹን ደግሞ እኔው ነኝ የማናግራቸው።" ደወሉ። "የወንድምሽ ጎረቤት ነኝ። እሳቸው ሰኞ ይነሣሉ። ሙቀት አይችሉም፤ ጨለም ያለ፣ ነፋስ ያለው ክፍል ይዘጋጅላቸው። ፀሐይ ላይ እንዳታወጧቸው። ውሃ በትንሽ በትንሹ። ቢጠወልጉም አትደንግጡ፣ መንገድ ነው።" ስልኩን ጠረቀሙት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ለምጄዋለሁና ምንም አልመሰለኝም።

ኋላ እንደሰማሁት፣ እህቴ ሮጣ እማዬ ዘንድ ገባች። "እማዬ፣ የታመሙ ትልቅ ሰው እየላከብን ነው!"

"እንግዳ ሊመጣ? እና አሁን ነው የምትነግሪኝ?" እማዬ ተነሣች። መጋረጃ አስዘጋች፣ ማራገቢያ አስወለወለች። ለእንግዳው የሚሆን ንጹሕ አንሶላ ስትፈልግ ሻንጣዋን ፈታች።

ፖስተኛው ካርቶን ይዞ ሲያንኳኳ፣ እማዬ በትከሻው ላይ አሻግራ መንገዱን እያየች፣ "እሳቸውስ?" አለችው።

ካርቶኑን ከፈቱት። ቅጠሉ ዝሏል፤ ግንዱ ግን አረንጓዴ ነው። "አንቺ ነሽ እንዴ?" አለች እማዬ፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የተዘጋጀው ክፍል ውስጥ አስገባቻት። በሳምንቱ ጽጌረዳዋ ቀና አለች።

ታሪኩን ለእትዬ ካርቶን እየሳቅሁ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

"ክፍል አዘጋጁ ባልል ኖሮ እሳቸው ይተርፉ ነበር?"

"ጽጌረዳዋ?"

ለአፍታ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "አንተ ደግሞ፣ በሽተኛው ማን እንደሆነ አልገባህም?" ብለው ወደ መቀሳቸው ተመለሱ። እውነት አስበውበት ይሁን ወይስ ለአፋቸው ያህል፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ መጠየቅም አልፈልግም። እግዜር ይስጣቸው ብቻ።

አሁን እማዬ የምትደውለው ለእኔ አይደለም። "እትዬን አቅርብልኝ" ትላለች። ትናንት ስልኩን ሳቀብላቸው ድምጿ ከዚያ ማዶ ይሰማኝ ነበር፦ "ቤታችን በረንዳ ላይ ጥላ ሞልቷል፤ ሌላም ካለዎት ይላኩልኝ።"

ቤታችን አለች። እትዬ ካርቶን መልሰው፣ "ሰኞ ይነሣሉ" አሏት።