ትንሽ የቀረው የትምባሆ ከረጢት

ጋሼ «ትንሽ ቀረው» ሲሉ፣ ትንሽ ማለት ስንት ነው? አሥራ አንድ ዓመት ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ኖሬያለሁ፤ አላውቅም። አንዳንዴ አንድ ምስማር ነው። አንዳንዴ ስድስት ዓመት ነው።

በየቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሥራ መጀመር ይወዳል፣ የጀመረውን ማፍረስ ደግሞ ከዚያም አብልጦ ይወዳል። የእናንተ አማት ይሆናል፣ ወይም ጎረቤት። የእኛው ጋሼ ናቸው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፤ ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ መምህር፣ የመዶሻና የሞረድ ሊቀ ሊቃውንት። መደርደሪያችን በር የለውም። በሩ ተሠርቷል፤ ነገር ግን አንድ ሚሊሜትር ሰፍቶባቸው አልጋ ሥር ተኝቷል። የኩሽናው ወንበር ሦስት እግርና አንድ ጡብ አለው።

«ጋሼ፣ ይሄ ወንበር መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ትንሽ ቀረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ያንተ እንቁላልማ እግር ሳያወጣ ገማ!» ትላለች እናቴ ከኩሽና።

ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ማታ ማንበብ የምወድ፣ ከሰው ብዙም የማልገጥም ሰው ነኝ፤ ሞረድ ሲፋቅ እየሰማሁ ገጽ መግለጥ ለምጃለሁ። ጋሼ የትምባሆ ከረጢት ልስፋ ብለው ሲነሡ ግን ደከመኝ።

ጋሼ ትምባሆን እንደ ደመኛ ነው የሚያዩት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት ሾፌር ደግሞ፣ ፒፓቸውን ከአፋቸው የሚያወጡት ሊስቁ ሲሉ ብቻ ነው። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ዳማ ተጫውተዋል፤ ሃያ ዓመት ሙሉም ተሰዳድበዋል።

«አንተ ጭስ ማውጫ፣ ዓይኔን አጠፋኸው!»

«ዓይንህን ተወው፤ ንጉሥህ ተበላ።»

አንድ ቀን ጋሼ ሦስት ጊዜ ተከታትለው ተሸነፉ። በአራተኛው ጨዋታ ጭሱ ፊታቸው ላይ መጣ። የሾፌሩን የትምባሆ ከረጢት ከደረጃው ላይ አፈፍ አድርገው በመስኮት ወረወሩት። ከመስኮቱ ሥር ቦይ አለ፤ ዝናብ ሞልቶት ነበር። ከረጢቱ ሄደ።

ሟች ባለቤታቸው የሰፉላቸው ከረጢት ነበር። ሾፌሩ አንድም ስድብ አልወጣቸውም። ጠጠሮቹን ለቀሙ፣ ሰሌዳውን አጥፈው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ይተላለፉ ጀመር። በሁለተኛው ወር ወሬ መጣ፤ ሾፌሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሩቅ ክፍለ ሀገር ያለች ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው።

በዚያው ቀን የሳሎናችን ትልቁ ወንበር ቆዳው ተገፈፈ።

«ወንድሜ፣ ወንበሬን ምን አገኘው?»

«ትንሽ ቆዳ ተበደርኩት።»

«ከመቀመጫው ላይ?»

«የጀርባው ቀጭን ነው።»

ውጩ በሁለት ቀን አለቀ። ያምራል፤ ያላማረ አይባልም። ጣጣው ያለው ገበሩ ላይ ነው። «ውጩ ለሰው ነው፣ ገበሩ ለባለቤቱ ነው» ይላሉ ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ጣታቸውን ቀስረው። ከአሮጌ ኮታቸው ገበር ቆርጠው ከቆዳው ጋር እኩል አድርገው ሰፉት። ከረጢቱ ሲታጠፍ ውስጡ እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማደደ። ገበር ከቆዳው አነስ ተደርጎ እንደሚቆረጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎችን ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እጃቸው ምን እንዳስቸኮለው እንጃ።

አፈረሱ።

ደግሞ ሰፉት። አሁን ደግሞ ጥያቄው ትምባሆው ይደርቃል አይደርቅም ሆነ። ይህን ለማወቅ ትምባሆ ያስፈልጋል። ጋሼ ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ሄዱ፤ ባለሱቋ በሯ ላይ የሚያጨሱ ጎረምሶችን ስለማታባርር አሥር ጊዜ የተቆጧት ሴት ናት።

«ጋሼ! ትምባሆ? እርስዎ?»

«ለሙከራ ነው።»

«ሁሉም ለሙከራ ብሎ ነው የሚጀምረው!»

ሳይመሽ መንደሩ ሰማ። በማግስቱ እናቴ አልጋ ስታነጥፍ ከትራሳቸው ሥር ከረጢቱን ከነትምባሆው አገኘችው።

«በስድሳ ስምንት ዓመትህ? ጥርስህ ካለቀ በኋላ?»

«ሦስት ቀን ሳይደርቅ መቆየት አለበት።»

«የምትደርቀውስ አንተ!»

ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ትምባሆውን በጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ያነጥሳሉ። ባነጠሱ ቁጥር የማነበው መስመር ይጠፋኛል። የኮቱ ገበር በሁለት ቀን ትምባሆውን አመድ አደረገው። አፈረሱ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ የዝናብ ልብሴ አይደለም እንዴ?»

«ነበር።»

የዝናብ ልብሴ ትምባሆውን እንደ ትኩስ ቅጠል አርጥቦ አቆየው፤ አልዋሽም፣ ትንሽ ኮራሁ። እሳቸው ግን ስፌቱ ጠመመ ብለው አፈረሱ። ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ ወስፌ የበሳው አይደፈንም። ባፈረሱ ቁጥር አዲሱን ቀዳዳ ከአሮጌው ወደ ውስጥ ገባ አድርገው መብሳት ግድ ሆነባቸው። የመጽሐፍ ያህል ስፋት የነበረው ከረጢት ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈርስ መዳፍ አከለ። ከዚህ በኋላ ቢፈርስ ፒፓው ራሱ አይገባበትም።

ከሐሙስ ጀምሮ አልተኙም። ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪና ከደጃችን ቆመ። የሾፌሩ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ሁለት ወንበር ተጫነ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ እያሳለፉ፣ ሰም የተቀባውን ክር ይስባሉ። ስድስት ቀዳዳ ሲቀር ጣታቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ። ፊታቸው ተለወጠ። ምላጩን አነሡ።

«ጋሼ፣ ይተዉት!» አልኩ። በእሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ጥጉ ላይ ተጨማድዷል።»

«ሰውየው እየሄዱ ነው እኮ!»

«እሷ የሰፋችውን ወርውሬ፣ በምትኩ የተጨማደደ ልስጠው?»

እናቴ ከበረንዳ ተጣራች፤ «ሞተር አስነሡ!»

ጋሼ በነጠላ ጫማ ወረዱ። መርፌዎቹ ከከረጢቱ ግራና ቀኝ እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ተከተልኳቸው። ሾፌሩ የፊት ወንበር ላይ፣ ያልተለኮሰ ፒፓ ነክሰው ተቀምጠዋል። ጋሼ ከረጢቱን በመስኮት አቀበሏቸው።

«ትንሽ ቀረው» አሉ። ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ ያገኙት ቃል ይሄ ብቻ ነው።

ሾፌሩ አገላብጠው አዩት። አሸተቱት። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ጥጉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ተጨማድዷል።»

«አውቃለሁ። አምጣ ላፍርሰው።»

«እንዳትነካው!» ሾፌሩ ጥጉን ደጋግመው ዳሰሱት። ቀና ሳይሉ፣ «የሷም እዚሁ ጋ ጨማዳ ነበር» አሉ።

የመኪናው ነጂ ክላክስ ነፋ። «አባባ፣ መንገድ አለብን!»

«ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ መንገድ የትም አይሄድም» አሉት ሾፌሩ። ከረጢቱን መለሱና፣ «በል ጨርሰው። እጠብቅሃለሁ» አሉ።

ጋሼ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ስድስቱን ቀዳዳ ሰፉ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። አገላብጠው ሳያዩ አቀበሉ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ልጅህ ፊት ላይ ደግሞ እንዳታጨስ።»

«አንድ ሥራ ጨረሰ ብዬ ባወራ ማን ያምነኛል?» አሉ ሾፌሩ፤ ፒፓቸውንም ከአፋቸው አወጡ።

መኪናው ጥጉን እስኪታጠፍ ጋሼ ቆመው አዩ። ከዚያ ደረጃውን እጄን ይዘው ወጡ፤ በየእርምጃው ቆም እያሉ። ከነልብሳቸው ጋደም አሉ። ነጠላ ጫማቸውን አወለቅኩላቸው፣ መነጽራቸውን አነሣሁ፤ አንዱ መርፌ ኮሌታቸው ላይ ተሰክቶ ስለነበር እንዳይወጋቸው ነቀልኩት። መጋረጃውን ሳብኩ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ ነው፤ መጽሐፌን ገልጬ ተቀመጥኩ፣ ነገር ግን አንድ መስመር አላነበብኩም። የእሳቸውን ትንፋሽ ስቆጥር ነበር። እንቅልፍ የወሰዳቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።