ከልብ ምስል ግርጌ

ነገሩ የዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብር ነገር ነበር። ለአንድ የሆድ ሲቲ ስካን የተጠየቅሁት ያን ያህል ነው። ችግር ይዞት ነው እንዳትሉኝ፣ ገንዘቡ ኪሴ ነበር። ሰበታ ላይ በአንድ ያረጀ ወፍጮ ጀምሬ ሦስት ያደረስኩ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ያበቃኝም የተጠየቅሁትን ሁሉ አለመክፈሌ ነው። በንግድ ያረጀ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ የሚነገረውን ሁሉ ሊሸጡለት የሚነግሩት ይመስለዋል። ሽንኩርት ሊገዛ ሄዶ “ቲማቲምም አለ” ሲሉት ቲማቲሙ እንደበሰበሰ ያውቃል። ይህ ጠባይ ገበያ ውስጥ ያበላል። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ግን ላውጋችሁ።

አምና ባለቤቴን ጫልቱን ደረቷን ይወጋት ጀመር። የፉሪን ዳገት ስትወጣ ሦስት ጊዜ ትቆማለች፤ ቆጥሬያለሁ። ሐኪሙ የልቧ የደም ሥሮች ጠበው እንደሆነ በሲቲ ስካን ይታይ አለና አዲስ አበባ ወሰድኳት። ልብ ቁም ቢሉት አይቆምም፤ እየሮጠ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ይደበዝዛል። ስለዚህ ምቱን የሚያረግብ ኪኒን አስዋጧትና አንድ ሰዓት አስቀመጡን። እኔ በዚያ ሰዓት ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር ዋጋ እከራከር ነበር።

“ልብን የሚያረግብ ኪኒን ካለ ምላስንም የሚያረግብ አይጠፋም” አለች ጫልቱ። “ለዚህ ሰውዬ አንድ ስጡልኝ።”

ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው፣ በክንዷ መድኃኒት ሰድደው፣ “እማማ፣ ትንፋሽ ይያዙ” አሏት። እኔም ከመስታወቱ ወዲህ አብሬያት ያዝኩ። እስከ ስምንት ቆጠርኩ።

ውጤቱ ሲደርስ እንደ አገራችን ልማድ ታማሚዋ ኮሪደር ላይ ቀረች፣ እኔ ገባሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ክፉም ሆነ ደግ ወሬ መጀመሪያ ቤተሰብ ይሰማዋል፣ ያጠልለዋል፣ ከዚያ ለባለቤቱ የሚበቃውን ያህል ይቀዳለታል።

“ኦቦ ደበላ፣ የልባቸው የደም ሥሮች ንጹሕ ናቸው” አለኝ ሐኪሙ። “ነገር ግን ከምስሉ ግርጌ የጉበታቸው ጫፍ አብሮ ገብቷል። እዚያ ላይ አንድ ጥላ ይታያል። ምን እንደሆነ ከዚህ ምስል አይለይም፤ ሆዳቸውን በሲቲ ስካን መታየት አለባቸው።”

“ተኝታ ሳለች ለምን አብራችሁ አላነሣችሁትም?”

“የልቡ የሚነሣው በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ተጠብቆ ነው። ጉበት ግን መድኃኒቱ ሲደርስበትና ሲለቀው ደጋግሞ መታየት አለበት፤ ጥላው ምንነቱ የሚታወቀው ያኔ ነው። መሣሪያው አንድ ቢሆንም ሥራው ሁለት ነው።”

ዋጋውን ጠየቅሁ። ነገረኝ። ቲማቲሙ መጣ አልኩ በሆዴ።

ወጥቼ “ልብሽ ንጹሕ ነው” አልኳት። እውነት ነበር። ጫልቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ “ገለታ ዋቃ” አለች፤ ፈጣሪዋን ማመስገኗ ነው። ከዚያ የሰጡንን የምስሉን ሲዲና የውጤቱን ወረቀት እንደ ቤት ካርታ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እሷም እኔም አናነበውም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች። የሰው በሽታ ለደበቀ ምን እንደሚሉ አልሰማሁም። መናገር የምችልበት ቀን ግን ሞልቶ ነበር። እህል መቀነሷን ሳይ ጾሙ ነው አልኩ፤ ጾሙ ሲፈታም ሌላ ምክንያት አላጣሁም።

ዓመት ሊሞላ ሲል ቀኝ ጎኗን ያማት ጀመር። ዘንድሮ ዋጋ አልተከራከርኩም። ሆዷን በሲቲ ስካን አንድ ጊዜ አነሷት፣ ትንሽ ቆይተው ደገሙ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ሠለሱ። ምስል አንባቢው ወጣት ሐኪም የቀድሞ ምስል ካለ ለማወዳደር እንፈልጋለን ሲል ጫልቱ ሲዲዋንና ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ በኩራት ሰጠችው። አነበበና ቀና አለ።

“እማማ፣ አምና ሆድዎን እንዲታዩ ተጽፎ ነበር። ለምን ቀሩ?”

“እኔ?” አለች። ወደ እኔ ዞረች። “ደበላ፣ ተነግሮህ ነበር?”

“ተነግሮኛል።”

“ስንት ነበር?”

ነገርኳት። ገበያ ላይ ዋጋ ሰምቶ እንደሚያልፍ ሰው ራሷን ነቀነቀችና ወረቀቷን ከሐኪሙ እጅ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጥላው ዕጢ ነበር፤ በዓመቱም አድጓል። “አምና ቢሆን ጠርዙን ብቻ ቆርጠን እንጨርስ ነበር” አለ ቀዶ ሐኪሙ። ዘንድሮ የጉበቷን እኩሌታ ገደማ ወሰደ። ከአልጋ ለመነሣት ሁለት ወር ፈጀባት። ዕጢው ተመልሶ እንደሆነ በየጥቂት ወሩ መታየት አለባት።

እንግዲህ ልደምረው። ያተረፍኩት፣ ያ ገንዘብ አንድ ዓመት ኪሴ ውስጥ ማደሩን ነው። ጫልቱ በሕይወት አለች፤ ይህንን የእኔ ትርፍ ብዬ ብጽፍ ሌብነት ይሆናል። የከሰርኩት የጉበቷን እኩሌታ፣ ያለ ሥቃይ ልታሳልፋቸው ትችል የነበሩትን ወራትና ያኔ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ በእኔ የጣለችውን እምነት ነው። አሁን ወረቀቷን ራሷ ይዛ፣ ብቻዋን ገብታ፣ ውጤቷን ራሷ ትሰማለች። ስትወጣ “ደህና ነው” ትለኝና ቀድማኝ ወደ ታክሲው ትሄዳለች። ሌላ ምን እንደተባለች አልጠይቃትም።

ታክሲው ውስጥ ግን ከጎኗ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ይዛ ትጠብቀኛለች። ይህንን ከትርፉ ልጻፈው ወይስ ከዕዳው፣ እስካሁን አላወቅሁም።