ያላጨስኩት አምስት ዓመት

በአዳማ ሙቀት ሰው ከሁለት ነገር በቀር አይሆንለትም፤ ጥላ መፈለግና መከራከር። ጥላው ሲጠፋ ክርክሩ ብቻ ይቀራል። የሰሞኑ ክርክር ደግሞ ማሪዋና በሕግ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚል ነው። የሆነ አገር ፈቀደ የሚል ወሬ ሰምተው ነው መሰለኝ። ትናንት ባጃጅ ውስጥ ሁለት ተሳፋሪዎችና ሹፌሩ በዚሁ ጉዳይ ተያይዘው መውረጃዬን አሳለፉኝ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ለምን ትሉኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ተናግሬ የደረሰብኝን ስለማውቅ ነዋ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ለጉራ አይደለም፤ ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ነው የተመረቅኩት። አንደኛ የወጣ እዚያው ረዳት መምህር ሆኖ ይቀራል፤ ደንቡ ነው። የቀረው ግን አራተኛ የወጣው ልጅ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አጎቱ ነበሩ። ይህን ነገር ትቼዋለሁ። ረስቼዋለሁ። ልጁ የቤት ሥራ ከእኔ ይገለብጥ እንደነበር፣ ሲገለብጥ ስሜን ጭምር እንደገለበጠ፣ ዛሬ ዶክተር እንደሚባል፣ ሁሉንም ረስቼዋለሁ።

እና ከዓመታት በፊት ሰፈራችን ያለው የወጣቶች አዳራሽ የክርክር ውድድር አዘጋጀ። ትምህርት ቤት ሳለን “ከብዕርና ከጎራዴ ማን ይበልጣል” እያልን ስንጯጯህ አታስታውሱም? እንደዚያው ነው፤ ርዕሱ ግን ከእኛ ጋር አድጓል። “ማሪዋና በሕግ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ?” ዕጣ ተጣለ። “አይፈቀድ” የሚለው ናሆም ለሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ደረሰው። “ይፈቀድ” የሚለው ለእኔ።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ሲጋራ እንኳ አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም። ጎረቤት ከሰል ሲያያይዝ እኔ አስላለሁ። ጋንጃ የሚባለውን በሥዕል ነው ያየሁት፤ ጎመን መስሎኝ ነበር። ግን ክርክር ነው! መድረክ ነው! አንደኛ የሚወጣበት ነው! ያቺ የረዳት መምህርነት ቦታ… ትቼዋለሁ ብያለሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ተነሣሁና ጀመርኩት። ጫት የጫነ አይሱዙ በወለንጪቲ መንገድ ሽው ሲል ላሞቹ ሳይቀሩ መንገድ ይለቁለታል፤ ማን ከለከለው? አረቄ በየበሩ ይሸጣል፤ ማን ከለከለው? ተደብቆ የሚበቅል ነገር ሐኪምም ፖሊስም አያየውም፤ ፀሐይ ላይ ይውጣና እንየው! አንድ ጡረተኛ ፖሊስ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ናሆም ደግሞ ከልቡ የሚያውቀው ነገር ነበረው። ሰባት ዓመት አጭሶ የተወ ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሲመሰክር እናቶች እልል ይላሉ። ያንኑ ምስክርነቱን ጀመረ፤ ምን ያደርጋል፣ ሰዓቱ አራተኛው ዓመት ላይ አለቀበት።

አሸነፍኩ። የሻይ ፔርሙስና የምስክር ወረቀት ተሸለምኩ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ “በማሪዋና ዘርፍ ላደረጉት የላቀ አስተዋጽኦ” ይላል።

አሁን ጉዱ ይመጣል። አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ደበላ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ደበላ ዕድሜ ልካቸውን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የእንፋሎት ጋን ሲጠብቁ ኖረው በጡረታ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ከሁሉም በላይ የሌሊሴ አባት ናቸው። ሌሊሴ ማለት ፋርማሲ የምትሠራ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለሕመሜ መድኃኒት እየገዛሁ የለመድኳት ልጅ ናት። ተስማምተናል። ለአባቷ ሽማግሌ የምልከው በዚያው ሳምንት እሑድ ነበር። ሰውዬው ሐሙስ ዕለት ሲወጡ ሰላም አላሉኝም።

ዓርብ ከተማው ሁሉ አወቀ። ፀጉር አስተካካዬ ምላጩን አንገቴ ላይ እንዳደረገ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና “አለቃ፣ የት ነው የሚገኘው?” አለኝ። ማታ ሌሊሴ ደወለች። አባቷ እራት እንቢ ብለዋል። “ክርክር እኮ ነው!” አልኳት። “አባዬ ደግሞ ሰው ለማይወደው ነገር እንዲህ አይከራከርም ይላል” አለችኝ።

የተማረ ሰው ምን ያደርጋል? ማስረጃ ያቀርባል። ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪ ሄድኩ። ባለሙያዋ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለመንጃ ፈቃድ? ለዐረብ አገር? “ለጋብቻ” አልኳት። ለጋብቻ የሚመረመረው ሌላ እንደሆነ በትሕትና ልታስረዳኝ ሞከረች። ወረቀቱን ግን አገኘሁ። ምንም የለበትም የሚል፣ ማኅተም ያለው።

እሑድ አጎቴ ጋሽ ግርማ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ሄደ። እኔ ባጃጅ ውስጥ ማዶ ሆኜ በላብ እየታጠብኩ ጠበቅኩ። ውስጥ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። ቆመው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ከዚያ አጎቴ የላቦራቶሪውን ወረቀት አወጣ። በዚያ አይበቃም? አይበቃውም! “የተማረ መሆኑንም ይዩልኝ” ብሎ የውድድሩን ወረቀት ደረበበት። ከግድግዳዬ ላይ ነቅሎት ነው የሄደው።

ጋሽ ደበላ መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱን አነበቡ። ሌላውን አነበቡ። ተመልሰው የመጀመሪያውን አነበቡ።

“ያ ዋቃዮ!” ብለው በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠሩ። “እንግዲህ ምንም አላጨሰም ነው የሚለው?”

“ምንም! ንጹሕ ልጅ!” አለ አጎቴ።

“ሐሙስ ዕለትም?”

“ሐሙስም ጭምር!”

ጋሽ ደበላ መነጽራቸውን አወለቁ። “እኔ እኮ አጭሶ ነው ብዬ ተጽናንቼ ነበር” አሉ። “ያጨሰ ሰው ይጸለይለታል፤ ይተዋል። ናሆምን አታዩም? ሰባት ዓመት አጭሶ ዛሬ ዝማሬ ይመራል። ይሄ ልጅ ግን ያን ሁሉ የተናገረው በጤናው ከሆነ፣ ምኑን እናስተወው?”

አጎቴ አርባ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም። “እንጸልይበታለን” ተብለው ተሸኙ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን “እንጸልይበታለን” ማለት በጨዋ ቋንቋ “አይሆንም” ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት ባለማኅተም ሆኖም እያደር ጨለመ።

ሰኞ ፋርማሲው ሄድኩ። ሌሊሴ ከመድኃኒቱ መደርደሪያ ኋላ ሆና ሁሉንም ስታስብበት አድራለች።

“የአንተ ችግር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ምስክርነት የለህም።”

“ከልጅነቴ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ምን ልመስክር? ማንጎ መስረቄን?”

“ይኸው! አጨስኩ፣ ተውኩ በለዋ።”

“ልዋሽ?”

“ሐሙስ ዕለት የማታውቀውን ነገር በመቶ ሰው ፊት ስትለፈልፍ ማን ከለከለህ?”

ይህች ልጅ ያን ዕለት ተከራክራ ቢሆን ፔርሙሱን ትወስድብኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ጋሽ ደበላ ግቢ ገባሁ። ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ተንበረከኩና አጨስኩ፣ ተውኩ አልኳቸው። ዓይናቸው በራ። “ኢልመ ኮ!” አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ስንት ዓመት?”

“ሁለት ዓመት።”

ቅር አላቸው። “ሁለት ብቻ? ናሆም እኮ ሰባት ነው።”

“ወደ… አራት ተኩል ይሆናል። ክረምቱን ካልቆጠርነው።”

“ክረምት ይቆጠራል።”

አምስት ላይ ተስማማን። የት እንደጀመርኩ ጠየቁኝ። ሻሸመኔ አልኩ፤ አንድ ቀን ድንች ልገዛ ሄጃለሁ። ማን አስተማረህ አሉኝ። እዚህ ላይ እግዜር ይቅር ይበለኝና “ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ አራተኛ የወጣ ልጅ” አልኳቸው። ስሙን ጠይቀው የጸሎት ደብተራቸው ላይ ጻፉት። እስከ ዛሬ ይጸለይለታል። እኔም ከልቤ አሜን እላለሁ።

ያ የላቦራቶሪ ወረቀት እንደገና ወጣ። እሑድ ያስቀየመው ወረቀት ማክሰኞ ተአምር ሆነ። አምስት ዓመት አጭሶ በደሙ ውስጥ ምልክት እንኳ የለበትም! ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት አቁመውኝ አነበቡት። እናቶች እልል አሉ። ሌሊሴን ዳሩልኝ።

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ የሌሊሴ ወንድሞች ይሄንኑ የሰሞኑን ክርክር አነሡ። አንዱ ይፈቀድ፣ አንዱ አይፈቀድ ሲል ገበታው ተናጋ። ጋሽ ደበላ እጃቸውን አነሡ። “ዝም በሉ! የሚያውቀው ይናገር” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

“በፍጹም መፈቀድ የለበትም!” ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ጋሽ ደበላ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

ሌሊሴ ሳህን ልታነሣ መስላ ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። “ያ ሁሉ ጫት የጫነ አይሱዙ፣ ያ ሁሉ አረቄ፣ ያ ሁሉ ማስረጃህ የት ገባ?”

“አንቺ ደግሞ!” አልኳት። “ነገሩ ከተፈቀደማ እኔ ከምኑ ነጻ ወጣ ልባል ነው?”