የሲኞራዋ መታጠቢያ ቤትና የጎረቤት ስፌት

ልጄ አዲስ ቤት ሠርታ የመታጠቢያ ክፍሉን ግራጫ አስቀብታው «እማዬ፣ እዚያ በገባሁ ቁጥር ይከፋኛል፤ ምን ላድርገው?» ትለኛለች። እኔን! አንኮበር ላይ እግሯን በወንዝ ድንጋይ እየፈተገች ያደገችውን ሴት! ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን የድሮው ነገር ትዝ አለኝ። ለካ ይኼንኑ ብሶት ሌላ ሴትም አሰምታኛለች። ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ የባሌ ነፍስ ነበር የተያዘው። ቆይ፣ ላጫውታችሁ።

የጣሊያን ጊዜ ነው። ተጋብተን ደብረ ብርሃን ገብተናል። ባለቤቴ ወልዴ ባና ሠሪ ነው፤ የበግ ጠጉሩን እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል። አንድ ቀን መጡና አሰሩት። ምን አደረገ? ለአርበኞች ባና አቀብሏል ተባለ። ውሸት ነው ብዬ ምዬ ተገዘትኩ። እውነት ነበር እንጂ! ጠቅልዬ ያስያዝኩት ራሴ ነኝ። ታዲያ በዚያ ብርድ ዱር ያደረ ሰው ምን ይልበስ?

ስንቅ ይዤ የታሰረበት ምሽግ በር ላይ ብመላለስ ዘበኞቹ ፊት ነሱኝ። ቀጥሎ የመጣው ወሬ ደግሞ ባሰ፤ ካሚዮን ሲመጣ እስረኞቹን ጭኖ ይወስዳቸዋል ተባለ። ወዴት? ማን ያውቃል! ተጭኖ የሄደ ሲመለስ አላየንም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ያሰረው ካፒቴን ቤት ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ቢያንስ በሕይወት መኖሩን እሰማለሁ ብዬ ነው።

የካፒቴኑ ሚስት፣ ሲኞራዋ፣ ከአገሯ ገና መምጣቷ ነበር። ባሏ የመታጠቢያ ክፍል አሠርቶላታል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው አመድማ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ገንዳ ተጋድሟል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ጠላ የሚጠነሰስበት መስሎኝ «ይኼን ሁሉ ማን ሊጠጣው ነው?» ብዬ የካፒቴኑን አስተርጓሚ ጠየቅሁት። አስተርጓሚው የጫጫ ሰው ነው፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰው ገላውን ሊነከርበት ነው ሲለኝ ደግሞ እኔ ሳቅሁ።

ታዲያ ሲኞራዋ እዚያ በገባች ቁጥር ታለቅሳለች። ልብስ ላነሳ ስገባ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንባዋን ትጠርጋለች። ክፍሉ ቀዘቀዘኝ ትላለች አለኝ አስተርጓሚው። ይኼማ ቀላል ነው ብዬ ከሰል አቀጣጠልኩና ማንደጃውን ይዤባት ገባሁ። ልጄ፣ ከሰሉን እንዳትሞክሪው! ጭሱ ሊገድላት ነበር፤ እየሳለች ወጣች። ካፒቴኑ ጮኸብኝ። እሷ ግን አረፍ ስትል አስተርጓሚውን ጠርታ፣ ውኃውም ሙቅ ነው፣ ገላዬም አልበረደኝም፣ የበረደው ዓይኔ ነው አለች። ወዲህ ባይ አመድ፣ ወዲያ ባይ አመድ፤ የእናቴ ቤት ግን ቀለም ነበረው አለች።

ዓይን ይበርደዋል እንዴ? ልስቅ ስል የራሴ ቤት ትዝ አለኝ። ወልዴ ከታሰረ ወዲህ እኔንስ ቤቴ ገብቼ መች ሞቆኝ ያውቃል? አዘንኩላት። ለጠላት ሚስት! እግዜር ይይልኝ። እናም ምኑ እንዳደፋፈረኝ እንጃ፣ እኔ ክፍሉን አሞቅልሻለሁ፣ አንቺ ባሌን አስፈቺልኝ አልኳት። አስተርጓሚው ደነገጠ። «አንቺ ሴት፣ እኔንም ልታሳስሪኝ ነው?» አለኝ። ቢሆንም ነገራት። ሲኞራዋ አየችኝ፣ አየችኝና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እሞክራለሁ አለች።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ የሚገባበት ቤት ግድግዳው ባዶ ከሆነ ጎረቤት በአለላ ያጌጠ የሣር ስፌቱን ያውሳል። የአንዷ ቀይ፣ የሌላዋ ቢጫ፣ የሌላዋ ዝንጉርጉር ይሰቀልና ቤቱ ሞቅ ይላል። ሰርጉ ሲያልፍ ሁሉም የየራሱን ያወርዳል። እኔ የማውቀው ቤት ማሞቂያ ይኼን ብቻ ነው። ግን እንጀራ የሚቀርብበት ስፌት ለጣሊያን መታጠቢያ ቤት አውሱኝ ተብሎ ይጠየቃል? አፍሬ ልሞት ነበር።

መጀመሪያ ወይዘሮ ዘሃራ ጋ ሄድኩ፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ሚስት ናት። «ለነሱማ ወላሂ አመድም አልሰጥ። ለወልዴ ከሆነ ግን ውሰጂ፣ አላህ ያውጣው» ብላ በቀይና በአረንጓዴ የተነከረ ሰሌኗን ጠቀለለችልኝ። ከዚያ ወዲያ ያሉትም እየተሳደቡ ሰጡኝ፤ ስድቡ ለጣሊያን፣ ስፌቱ ለኔ። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው እማሆይ በላይነሽ ግን በራቸውን እንኳ ሳይከፍቱ «የማርያምን ዝክር ያቀረብኩበትን? ጣሊያን ራቁቱን ቆሞ ሊያየው?» ብለው መለሱኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ጠዋት በሬን ስከፍት ያ አለላው እሳት የመሰለ ስፌታቸው ደጄን ተደግፎ ቆሟል። እነዚያን ጎረቤቶቼን ሳስታውስ ዛሬም ዓይኔ እንባ ይሞላል። ምን ብዬ ላመስግናቸው?

ሄጄ ሰቀልኩት። የእማሆይን ከገንዳው ትይዩ፣ ሌሎቹን ዙሪያውን፤ ሰሌኑን በሩ አጠገብ ዘረጋሁት። ከገንዳው ሥር ደግሞ ለእግሯ ወልዴ የሠራውን ዳማ ባና አነጠፍኩ። ልብ በሉ! ለአርበኛ ትከሻ ሲሆን ወንጀል የነበረው ባና ለሲኞራ እግር ሲሆን «ቤሎ፣ ቤሎ!» ተባለለት። ሲኞራዋ እጇን አጨብጭባ እንደ ልጅ ሳቀች። ካፒቴኑ ራሱ ጫማውን አውልቆ ቆመበትና ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። እሷም እዚያው ላይ ያዘችው። ያሰርከው ሰውዬ ነው፣ ለእንዲህ ያለ እጅ ገመድ አይገባውም አለችው፤ ይኼንን የነገረኝ አስተርጓሚው ነው። ካፒቴኑ ተቆጣ፣ በሩን ወርውሮ ወጣ። እሷ ግን በነጋ በጠባ ይኼንኑ ታነሳበት ጀመር።

ካሚዮኑ ሳይመጣ ወልዴ ተፈታ። ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ በሩ ላይ ሲቆም እልል ማለት አቃተኝ፤ እግሩ ሥር ተደፋሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ የኛ መንደር ደግሞ ስፌት ሰብስቦ ሰው አስፈታ። ተመስገን! አብረውት የነበሩት ግን ተጭነው ሄዱ፤ እነሱን ሳስብ ደስታዬ ይጎድላል።

ወልዴ ጥቂት ቀን ተኝቶ ሲያገግም ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። ፈርቼ ነበር። ስንት ግርፋት ችሎ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ወንድ በሲኞራ መታጠቢያ ቤት ተፈታ ሲባል ይከፋዋል ብዬ። እሱ እቴ! ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳና ቤት ለቤት ጉልበት ሲስም ዋለ። መጨረሻ ላይ እማሆይ ጋ ገባን። ጉልበታቸው ላይ ወድቆ «እማሆይ፣ ይኼን ውለታዎን በምን ልክፈለው?» አላቸው።

«የምን ውለታ?» አሉ እማሆይ። «ሚስትህ ግድግዳው ሥር እየተነፋረቀች እንቅልፍ ብትነሳኝ ነው እንጂ! ይኸው አንተ ተፈተህ ደግሞ ማንኮራፋትህ ባሰብኝ። ካልተውክ ሄጄ ስፌቴን ከሲኞራዋ ግድግዳ አወርደዋለሁ!»