ፍየል ያልመሰለችው ፍየል

ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለልጅ ጥሩ ነው ሲባል አልቃወምም። እኔ ራሴ ዛሬም ጋዜጣ ስገልጥ ዐይኔ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፎቶግራፉ ነው፤ እናንተም እንደዚያው ናችሁ፣ አትዋሹ። ችግሩ የሚመጣው ሥዕሉ ሁሉን ነግሮን ሲጨርስና ፊደሉ ሥራ ሲፈታ ነው።

ደብረ ታቦር ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ሐያት የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ስታነብ መስማት ነበር! በእኛ አገር ቃል መያዝ ትልቅ ሙያ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤቱም የቁርኣን ቤቱም ልጅን የሚያሞግሱት በቃሉ ሲይዝ ነው። ሐያትም ገጹን ገልጣ፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች፣ አንዲት ቃል ሳትስት ታንበለብለዋለች። እኔም አስተማሪ ማለት እንደኔ ነው እያልኩ ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። አንድ ቀን መጽሐፏን ረስታ መጣችና የጓደኛዋን ሰጠኋት። የጓደኛዋ ታናሽ ወንድም ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ቆርጦ ወስዷቸዋል፤ ፊደሉ ግን ሙሉ ነው። ሐያት ገለጠች፣ ደግማ ገለጠች።

«መምህር፣ የዚህ ምኑ ይነበባል?» አለችኝ።

እናቷን አስጠራሁ። ዘይነባ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። ልጅሽ ሥዕሉን እያየች የሰማችውን ነው የምትደግመው፣ ማንበብ አትችልም ስላት ፊቷ ጠቆረ።

«እኔ በሰው አገር በሥዕል ነው የኖርሁ» አለች። «ሎሚ የተሣለበትን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጭማቂ ነው ብዬ ጠጥቸዋለሁ። እሷም እንደኔ ልትሆን ነው?»

ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ግን ዋጥኩት። እንቅልፍ የሚነሳ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሥዕሎቹን ሁሉ በወረቀት ሸፈንኩባት። ልጅቷ ጭራሽ መጽሐፍ ጠላች፤ አልፈርድባትም። እንግዲያው አይታው የማታውቀውን ሥዕል ራሴ ልሥራላት ብዬ ተነሣሁ። መሣል እንደማልችል ትዝ ያለኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ፍየል ሣልኩና ከሥሯ «ፍየሏ ጎመን በላች» ብዬ ጻፍኩ።

ሐያት አየችው። ዘቅዝቃም አየችው።

«ወንበር ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሥዕሉ ተስፋ ስትቆርጥ ጊዜ ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳረፈች። «ፍ... የ... ሏ...» አለችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ተመልሳ ደግሞ ሥዕሉን አየች። «ይቺ ናት ፍየሏ? ቀንዷስ?» እስከ መጨረሻው አነበበችና ጎመኑን ፍለጋ ገባች። አገኘችውም! እኔ ራሴ የት እንዳደረግሁት ጠፍቶኝ ነበር። እፎይ አልኩ፤ እዚያው ተማሪ ፊት፣ ድምፄን አውጥቼ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንዳንድ ጉድ መሣል ሆነ ሥራዬ። ክረምት ሳይገባ ዘይነባ መጣች፤ ልጇ አይታው የማታውቀውን ገጽ ስታነብላት ቆማ ሰማች። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የደረደርኳቸውን ሥዕሎቼን ዞራ ዞራ አየቻቸው።

«መምህር፣ አደራዎን» አለችኝ፣ «እርስዎ ሥዕል እንዳይማሩብን።»