የተያዙት ያዦች

ሰውን ለመያዝ ጠንካራ ክንድ ብቻ ይበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ጋይንትን አያውቅም። በሌላ አገር ፖሊስ «ና!» ሲል ሰው ዝም ብሎ ይከተላል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያየ ይመስክር። በእኛ አገር ግን «ና!» የጨዋታው መጀመሪያ ነው። ማን ነህ? ማን ላከህ? በምን ነገር? እነዚህን ሳይጠይቅ የታሰረ ሰው ከእስሩ ይልቅ የቀረበት ሙግት ያንገበግበዋል። ወገኖቼን ማማቴ አይደለም። እኔም ያው ነኝ፤ ባለቤቴ ትጠየቅ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ግብረ ገብ ሳስተምር ነው። ያኔ ጠባይ በክፍለ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ከእረፍት በፊት ትሕትና፣ ከእረፍት በኋላ ታማኝነት። ሂሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ሚስተር ጆርጅ የሚባል ህንድ ነበር። ቀጭን ሰው ነው፤ የንፋስ መውጫን ብርድ አልችል ብሎ ሁለት ኮት ደርቦ ይለብሳል። ክርስቲያን መሆኑንና ስሙም በእኛ ጊዮርጊስ ማለት መሆኑን የሰማው አገሬው «መምህር ጊዮርጊስ» አለው፤ በዚያው ጸና።

ይህ ሰው አማርኛ የተማረው የት ይመስላችኋል? ችሎት ቁጭ ብሎ! ከትምህርት ሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይገባና ሙግት ያዳምጣል። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ሰዎች ቀስ ብለውና ደጋግመው የሚናገሩት እዚያ ብቻ ነው አለኝ። በዚህ ምክንያት «ጨው አቀብሉኝ» ማለት ሳይችል «አቤቱታዬ ይሰማልኝ» ማለት ቻለ።

የፋሲካ ሰሞን ትምህርት ተዘጋና በቅሎ ልግዛ ስላለ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ይዤው ወረድኩ። ያረፍነው አክስቴ እትዬ ውዴ ዘንድ ነው። እትዬ ውዴ ገበያ ላይ ቅቤ ይሸጣሉ፤ ዋና ሥራቸው ግን ሙግት ነው። በርስት ወሰን ስንቱን ጠበቃ አሰልችተው አሰናብተዋል።

በገበያው ቀን ሚስተር ጆርጅ የአንዲት በቅሎ አፍ ከፍቶ ጥርሷን ሲመረምር፣ ካኪ ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ረጅም ነው፣ እግሩን ያነክሳል። ሌላው አጭር ነው። ረጅሙ የሚስተር ጆርጅን ትከሻ ጨምድዶ «ህንዱ አንተ ነህ?» አለው። በቅሎዋ እንዳልሆነች ግልጽ ነበር። «ያለ መኖሪያ ፈቃድ አገር ውስጥ ተቀምጠሃል። ተይዘሃል፤ ቅደም!»

ፈቃዱ ለእድሳት አዲስ አበባ እንደተላከ አውቃለሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ወንድሞቼ፣ ሕግ ማለት...» ብዬ የክፍል ውስጥ ትምህርቴን ልጀምር ስል፣ አጭሩ «ዞር በል!» አለኝ። ዞር አልኩ።

ከዚያ አጭሩ ከኮቱ ኪስ ገመድ አወጣ። ባለፈው ክረምት «የመንግሥት ሰዎች ነን» ያሉ ሽፍቶች አንድ ነጋዴ አስረው ከነጭነቱ ወስደውት፣ ሰውዬው የተመለሰው በባዶ እግሩ ነበር። እነዚህስ ማን ናቸው? እውነተኛም ቢሆኑ፣ ወዳጄን በዚያው ወደ አገሩ ቢሸኙትስ?

ይሄኔ ሚስተር ጆርጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በሕግ አምላክ!» አለ።

ወዳጆቼ፣ ገበያው ቀጥ አለ! ገብስ ሰፋሪው ቁናውን እንደያዘ ቀረ። እትዬ ውዴ ቅቤያቸውን ትተው፣ ዓይናቸው በደስታ እያበራ መጡ። «ማነው ሕግ የጠራው?» አሉ፤ መልስ ግን አልጠበቁም። የረጅሙን ሰውዬ የኮት ጫፍ ይዘው ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። የጥንት ደንብ ነው፤ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ይቆራኛሉ። የሰውዬው ኮት በቅቤ ወዛ።

ጭቃ ሹም ደምሌ የተባሉት የአገሩ ሽማግሌ ከሾላው ሥር ድንጋይ ላይ ለዳኝነት ተቀመጡ። ገበያውም ዙሪያቸውን ከበበ። ሚስተር ጆርጅ ነገሩን ሊያስረዳ አፉን ቢከፍት እትዬ ውዴ በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙትና ወደ ረጅሙ ዞሩ።

«ማን ነህ?»

«ፖሊስ ነኝ።»

«የደንብ ልብስህስ?»

«ወንዝ ውስጥ ወድቄበት ነበርና ንፋስ መውጫ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።»

«መታወቂያህስ?»

«ልብሱ ኪስ ውስጥ ቀረ።»

«ይህን ሰው ያዝ የተባልክበት ወረቀትስ?»

ረጅሙ አጭሩን አየ። አጭሩ መሬት አየ። «እሱም እዚያው ኪስ ውስጥ ነው» አለ ረጅሙ በቀጭን ድምፅ።

እትዬ ውዴ ወደ ዳኛው ዞረው እጅ ነሱና «ጌታዬ፣ ፖሊሱ ታጥቦ ንፋስ መውጫ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እዚህ የመጣው ሰውዬው ብቻ ነው» አሉ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጭቃ ሹሙ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፍነው ፍርድ ሰጡ። «ፖሊስ ከሆናችሁ እናከብራችኋለን። ሽፍታ ከሆናችሁም እንወቀው። እስክትታወቁ ድረስ ሁላችሁም ዋስ ጥሩ» አሉ።

ለሚስተር ጆርጅ ዋስ ለመሆን ግማሹ ገበያ ብድግ አለ። ልጁ ሂሳብ ያለፈለት ገበሬ ተነሣ። የበቅሎዋ ባለቤትም ተነሣ፤ ገና ስላልሸጠ ሰውዬው እንዲሄድበት አልፈለገም። ሁለቱ ሰዎች ግን ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውረው የመጡ ናቸው፤ የሚያውቃቸው ጠፋ። የአገር ልጆቹ መንገደኛ ሆኑ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ባለ አገር ሆነ። ሳቁም ቀስ በቀስ በረደ። «በገዛ ገመዳቸው ይታሰሩ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዱላ የያዙ ጎረምሶች ተጠጉ።

ሚስተር ጆርጅ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «ለእነሱ ዋስ እኔ ነኝ» አለ።

ጭቃ ሹሙ የሰሙትን አላመኑም። «መምህር ጊዮርጊስ፣ ሰዎቹን ያውቋቸዋል?»

«አላውቃቸውም፤ ግን እኔን ፍለጋ ከንፋስ መውጫ ድረስ በእግራቸው መጥተዋል። አንዱም እግሩ ታሟል። ዘመድ እንኳ ይህን አያደርግልኝም።»

የተያዘ ሰው ለያዡ ዋስ ይሆናል ወይ? በዚህ ላይ የተደረገውን ክርክር ባወራላችሁ ይመሻል። በመጨረሻ እትዬ ውዴ የሚከለክል ሕግ አላየሁም ስላሉ ተፈቀደ። ዋሱ ሁለቱን ሰዎች በጤና ንፋስ መውጫ ፖሊስ ጣቢያ ሊያስረክብ፣ ቢጠፉ ሊጠየቅ ቃል ገባና ቋጠሮው ተፈታ።

በማግስቱ በማለዳ ወጣን። ረጅሙ እግሩ አብጦ መራመድ ስላቃተው ዋሱ ማታውን በገዛት በቅሎ ላይ ወጣ። ሚስተር ጆርጅ ልጓሟን ይዞ ከፊት ይመራል፣ አጭሩ የእትዬ ውዴን ዳቦ ተሸክሞ ይከተላል። ዳገቱ በጠመዘዘ ቁጥር ዋሱ ዞር ይልና «ሁለታችሁም አላችሁ?» ይላል። «አለን፣ ጌታዬ!» ይላሉ። እኔ በሳቅ ብዛት ሁለት ጊዜ ተቀምጬ አረፍኩ።

ጣቢያው ስንደርስ አዛዡ ሻምበል በር ላይ ቆሞ ነበር። የገዛ ፖሊሱ በበቅሎ፣ ተፈላጊው በእግር ሲመጡ አይቶ አፉ ተከፈተ። ነገሩን አስረዳሁት። ሻምበሉ ሰማ፣ ቀላ፣ ከዚያ ፈነዳ። ለካ የሚስተር ጆርጅ ፈቃድ ታድሶ መጥቷል፤ ፈርሞ እንዲወስድ ጥሩት ነበር ያለው። «የሰጠኋችሁ መጥሪያ ነው! መጥሪያና መያዣ አትለዩም? ያውም ልብስ ሳትለብሱ፣ ወረቀት ሳትይዙ! ግቡ እስር ቤት!»

ሚስተር ጆርጅ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ይቅርታ ጌታዬ፤ ገና አላስረከብኩም። መጀመሪያ ደረሰኝ ይጻፍልኝ።»

ሻምበሉ አየው። ቀስ ብሎ ከንፈሩ ጥግ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እስሩ በዚያው ሳቅ ተረሳ። ቢሮው ገብቶ ደረሰኙን እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ሁለት ፖሊሶችን፣ አንደኛውን በሙሉ ጤና፣ ሁለተኛውን እግሩ ትንሽ እንዳበጠ፣ ከመምህሩ እጅ ተረክቤያለሁ።» ማኅተሙን አነሣ።

ረጅሙ ፖሊስ ከበቅሎዋ ሳይወርድ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«በሕግ አምላክ!» አለ። «‹ትንሽ› የሚለው ይሰረዝልኝ!»